«ሜትሮፖሊታን አካባቢ» በጂኦግራፊ ትምህርት፤ ከልደታ ሲታይ

ስለ ከተሞች የሚናገረው የጂኦግራፊ ምዕራፍ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ሆነ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመሰላል ነው። ከታች መንደር፣ ከዚያ ትንሽ ከተማ፣ ቀጥሎ መካከለኛ ከተማ፣ ከበላዩ ትልቅ ከተማ፣ ከዚያም «ሜትሮፖሊስ»፣ በመጨረሻም «ሜጋሎፖሊስ» ይደረደራሉ። በየእርከኑ ትይዩ የሕዝብ ቁጥር ይጻፋል፤ ተማሪው ቁጥሩን ያጠናል፤ በፈተና ቀን ይመልሰዋል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ሜትሮፖሊስ ነው፤ አዲስ አበባ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ እንግዲያውስ አዲስ አበባ ሜትሮፖሊስ ናት። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

በዚህ አቀራረብ ቁጥሩ ስሕተት አይደለም። ጉድለቱ «ሜትሮፖሊታን አካባቢ» ከሚለው ሐረግ ውስጥ «አካባቢ» የሚለው ቃል መዘንጋቱ ነው። አንድ ከተማ ትልቅ መሆኑን መናገር አንድ ነገር ነው፤ አንድ ከተማ በዙሪያው ካሉት መንደሮች፣ እርሻዎችና ትንንሽ ከተሞች ጋር በአንድ የዕለት ኑሮ መተሳሰሩን መናገር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መጠንን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ግንኙነትን ይገልጻል። የከተማ ጂኦግራፊ እንደ አንድ የጥናት ዘርፍ ራሱን ችሎ እንዲቆም ያደረገውም ሁለተኛው ነው።

ቃሉ ራሱ ይህን ይመሰክራል። በግሪክኛ «ሜትሮፖሊስ» ማለት እናት ከተማ ማለት ነው፤ ይኸውም ሰዎቿን ባሕር አሻግራ ልካ አዳዲስ ከተሞችን የቈረቈረች ከተማ የምትጠራበት ስም ነበር። ልጅ የሌላት እናት እንደማትኖር ሁሉ ያለ ሌሎቹ ከተሞችም እናት ከተማ የምትባል አትኖርም። በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ቢሆን ከአንድ ታላቅ ከተማ ተቀምጦ በዙሪያው ያሉትን አህጉረ ስብከት የሚመራ ሊቀ ጳጳስ በዚሁ ስም ይጠራል። በሁለቱም አገባብ ቃሉ የሚያመለክተው ማዕከሉንና ዙሪያውን በአንድነት ነው። በአሁኑ ዘመን አነጋገር ግን ቃሉ የማዕረግ ጌጥ ወደ መሆን አዘንብሏል። አንጋፋው የኮተቤ መምህራን ኮሌጅ እንኳ ለጥቂት ዓመታት «ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ በተጠራበት ጊዜ፣ ስሙን ሰምቶ ትርጉሙን የጠየቀ ተማሪ ብዙ አልነበረም።

በሌላው ዓለም ጽንሰ ሐሳቡ የተወለደው ከቆጠራ ችግር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎቹ የከተማው አስተዳደራዊ ወሰንና የከተማው ኑሮ የማይገጥሙ ሆነው አገኟቸው። ከወሰኑ ውጭ እያደረ ከወሰኑ ውስጥ የሚሠራው ሕዝብ በዝቶ ነበርና «ሜትሮፖሊታን ዲስትሪክት» የሚባል የመቁጠሪያ ክልል አበጁ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው እየተሻሻለ መጥቶ፣ ዋናው መመዘኛ ከዙሪያው ሠራተኛ ሕዝብ መካከል ስንት በመቶው በየቀኑ ወደ ማዕከሉ ይመላለሳል የሚለው ሆነ። የአሜሪካው መስፈርት 25 በመቶን ሲወስድ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በጋራ የሚጠቀሙበት መስፈርት 15 በመቶን ይወስዳል። በመቶኛው ላይ መከራከር ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መለኪያው የሰዎች ጉዞ እንጂ የሰዎች ብዛት ብቻ አለመሆኑ ነው። በመሰላሉ የሚጀምረው ምዕራፍ ይህን ሳይነግር ያልፋል።

ይህ ጉድለት የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ፣ በተለይም እንደ ልደታ ባለ መካከለኛ ሠፈር ተቀምጦ የሚማር ልጅ፣ በዐይኑ የሚያየውን ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ እንዳያገኘው ያደርጋል።

ልደታ በካርታ ላይ ትንሽ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ልደታ ክፍለ ከተማ 201,713 ነዋሪዎች ነበሩት፤ የቆዳ ስፋቱም ከ9 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህም ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 22 ሺህ ሰው ይደርሳል፤ ከከተማይቱ አማካይ ጥግግት ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። መሰላሉን የተማረ ልጅ ከዚህ የሚረዳው ልደታ «የተጨናነቀ የከተማ ክፍል» መሆኑን ብቻ ነው። ከቆጠራው ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለው የቀኑ ልደታ ነው። ቆጠራ ሰውን የሚመዘግበው በሚያድርበት ቤት እንጂ በሚውልበት ቦታ አይደለምና።

በቀን ልደታ ሌላ ናት። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ባለጉዳዩን ከየአቅጣጫው ይጠራል። የደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል በሽተኛውን ከሩቅ ይቀበላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች ከመስቀል አደባባይ አቅራቢያ ጀምሮ በአንድ ሐዲድ መጥተው የሚለያዩት ልደታ ላይ ነው፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ መርካቶና ወደ ምኒልክ አደባባይ ይታጠፋል። ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያለው ታክሲና አውቶቡስ ደግሞ ወደ አለም ገና፣ ወደ ሰበታና ወደ ቡራዩ የሚሄደውን ሰው ይረከባል። ማለዳ በዚህ መሥመር የሚገባውና ማታ የሚወጣው ሕዝብ፣ ከሁለት አስተዳደሮች ግዛት የተሰበሰበ ቢሆንም፣ የአንድ የሥራ ቀን ሕዝብ ነው። ሜትሮፖሊታን አካባቢ ማለት ይኸው ነው። ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስልም።

የልደታ ታሪክም ለትምህርቱ የተመቸ ነው። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው ልደታ ነው፤ ዛሬም «አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ» የሚለው ስም በአካባቢው ሕያው ሆኖ ይገኛል። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ሜዳ ባለበት፣ ቤት በሌለበት፣ ከከተማ ዳር ነው። ስለዚህ ልደታ በዚያን ዘመን የከተማው ጠርዝ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ትልልቆቹ የጄት አውሮፕላኖች ሰፊ ሜዳ ስለፈለጉ ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ቦሌም በተራዋ ጠርዝ ነበረች። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለቱም ጠርዞች መካከል ሆነዋል። ተማሪው ይህን ቢረዳ የከተማ ወሰን አንድ ጊዜ ተሠምሮ የሚቀር መሥመር አለመሆኑን ያለ ብዙ ንድፈ ሐሳብ ያውቀው ነበር።

በዚህ ፈንታ የሚሰጠው የበርጀስ ክብ ነው። ኧርነስት በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1925 የቺካጎን ከተማ ተመልክቶ የሣላቸው አምስት ክቦች፣ ከዚያ በ1939 የመጣው የሆይት የዘርፍ ንድፍ፣ በ1945 የተከተለው የሃሪስና የኡልማን ብዙ እምብርት ያለው ንድፍ፣ ሦስቱም በተከታታይ ይቀርባሉ፤ ተማሪውም ክቦቹን በባለቀለም እርሳስ ይቀባል። ንድፎቹን ማስተማር ተገቢ ነው። ነገር ግን የበርጀስ ክብ የቆመው መሬት በገበያ በሚሸጥበት፣ ፋብሪካ ሠራተኛውን በሚስብበትና ባለጸጋው ከመካከል ወደ ዳር በሚሸሽበት ከተማ ላይ ነው። የአዲስ አበባ አመሠራረት ከዚህ የተለየ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርዳ ስትቈረቈር መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍሮቻቸው ሠፈሩ፤ «ሠፈር» የሚለው ቃልም ከዚሁ የጦር ሠፈር የመጣ ነው። በአንድ ሠፈር ውስጥ የጌታው እልፍኝና የሎሌው ጎጆ ጎን ለጎን ቆሙ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ደግሞ የቀበሌ ቤት ተከራዩ በአነስተኛ ኪራይ በመካከለኛው ከተማ ጸንቶ እንዲቀመጥ ሆነ። ልደታን የሠራት ይህ ነው እንጂ የቺካጎ ሕግ አይደለም።

ከውጭ አጥኚዎች መካከል ስለ ሜትሮፖሊታን አካባቢ ለማስተማር ከበርጀስ ይልቅ የሚበጀው ሮናልድ ሆርቫት ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጽሑፍ የፎን ቲውነንን የእርሻ ቀለበቶች በአዲስ አበባ ዙሪያ ፈትኗል። በከተማይቱ ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል የተፈጥሮ ደን ሳይሆን የከተማው ምድጃ የፈጠረው ቀበቶ መሆኑን፣ ወተትና አትክልትም የየራሳቸውን ስፍራ የያዙት በከተማው ገበያ ኃይል መሆኑን ይህ ጥናት ያመለከተ ነው። እንጨት ተሸካሚዋ ሴት ከእንጦጦ ተራራ ወርዳ ከተማ ስትገባ የከተማውን ወሰን ሳይሆን የከተማውን ግንኙነት ትሻገራለች። ጥናቱ በአገራችን መሬት ላይ የተሠራ ሆኖ ሳለ ከቺካጎ ንድፍ ያነሰ ቦታ ማግኘቱ አስተያየት የሚሻ ነው።

ስለ «ቀዳማዊ ከተማ» የሚሰጠውም ትምህርት ከዚሁ በሽታ አላመለጠም። ማርክ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ሕግ፣ የአንድ አገር ቀዳሚ ከተማ ከተከታዩ ከተማ በእጅጉ ልቆ ይገኛል የሚል ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551፣ ድሬዳዋ ከተማ 233,224፣ አዳማ 220,212፣ መቀሌ 215,914፣ ጎንደር 207,044 ነዋሪ ነበራቸው። አዲስ አበባ ተከታይዋን ከ10 እጥፍ በላይ በልጣለች፤ ሕጉ ሠርቷል፤ ተማሪው ይደሰታል። ነገር ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ፣ መንግሥትና ንግድ በአንድ ቦታ መከማቸታቸው፣ መንገዶች ሁሉ ከአንድ እምብርት መውጣታቸው ካልተነገረ ቁጥሩ የዋንጫ ውጤት ሆኖ ይቀራል።

የጽንሰ ሐሳቡ መዛባት እስከ ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን የሚያሳየው የውሃና የቆሻሻ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከአስተዳደር ወሰኗ ውጭ ነው፤ ገፈርሳም፣ ለገዳዲም፣ ድሬም በኦሮሚያ ክልል መሬት ላይ የተሠሩ ግድቦች ናቸው። ከከተማዋ የሚወጣው ደግሞ በአቃቂ ወንዞች ወርዶ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅና ወደ አዋሽ ይገባል። ንጹሑ ውሃ ከዙሪያው ይመጣል፤ እድፉ ወደ ዙሪያው ይሄዳል። ይህን በአንድ የክፍል ካርታ ላይ በሁለት ቀስቶች ማሳየት ይቻላል።

ደረቅ ቆሻሻውም እንደዚሁ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማይቱ ጥራጊ የተጣለው ረጲ፣ በተለምዶ «ቆሼ» በሚባለው ቦታ ነው። ይህ ቦታ ሲመረጥ ከከተማ ውጭ ነበር፤ እንደ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሁሉ ከተማው ደርሶበት ዋጠው። ቦታው ስለሞላ በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንንና ከብቶቻችንን ጎዳብን ብለው ስለተቃወሙ ማስወገጃው ብዙ ወራት ሳያገለግል ተዘጋ፤ ጥራጊውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው መንስኤ ብዙ ነገር ሊጠቀስ ይችላል። ነገር ግን በመጽሐፍ ውስጥ ከወሰኑ ላይ የሚቆመው ከተማ፣ በእውነቱ ከወሰኑ ውጭ የሚጥልበት ቦታ ፈልጎ ከጎረቤቱ ጋር ያልተስማማ ከተማ እንደነበረ ግልጽ ነው። ሰንዳፋና ቆሼ በአንድ የጂኦግራፊ ትምህርት ውስጥ አብረው ካልተነሡ፣ ተማሪው አንዱን የገጠር ዜና፣ ሌላውን የከተማ አደጋ አድርጎ ይረሳቸዋል።

በዕቅድ ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የታላቋን ለንደን ፕላን እ.ኤ.አ. በ1944 የነደፉት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1956 ለአዲስ አበባ ባዘጋጁት ፕላን ቀለበታዊ መንገዶችንና ሳተላይት ከተሞችን ይዘው መጥተው ነበር። ከተማን ከዙሪያው ጋር አጣምሮ ማየት እንግዲህ በአገራችን አዲስ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር የግንኙነት ክልልና የግዛት ወሰን እንደ አንድ ነገር መታየታቸው ነው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን፣ በክልሉ ሰፊ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ተቀስቅሶ የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፋ፤ በዚሁ ዓመት ጥር ወር ፕላኑ ተሠረዘ።

የገበሬው ሥጋት ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከተማ በሰፋ ቁጥር እርሻው በአነስተኛ ካሣ ሲወሰድ፣ ልጁም በገዛ መሬቱ ላይ ዘበኛ ሲሆን አይቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ሲደነግግም ይህንኑ ግንኙነት ተገንዝቦ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አውቶቡስ፣ ውሃና ቆሻሻ በወሰን ላይ እንደማይቆሙ የሚያውቅ ባለሙያ የጋራ ዕቅድ ማሰቡ ጥፋት አይደለም። ሁለቱ ወገኖች የተላለፉት «አንድ የኑሮ አካባቢ» የሚለውን ሐሳብ አንዱ ሲናገር ሌላው «አንድ ግዛት» ብሎ በመስማቱ ጭምር ነው። እዚህ ላይ ትምህርት ቤት የራሱ ድርሻ አለበት። ሜትሮፖሊታን ማለት ትልቅ ከተማ ማለት ነው ተብሎ የተማረ ትውልድ፣ ሜትሮፖሊታን ዕቅድ ሲባል የትልቁን ከተማ የበለጠ መተለቅ ከማሰብ በቀር ምን ሊያስብ ይችላል?

ከዚያ ወዲህ የሆነው ጉዳዩን ይበልጥ አሳስቦታል። በልደታ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎችና የንግድ ቤቶች ሲቆሙ፣ ከነባሩ ነዋሪ የቅድሚያ ክፍያውን መክፈል የቻለው ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ያልቻለው ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት ሄደ፤ ብዙውም ከነበረበት ራቀ። የከተማው ሰው በልማትም፣ በዕጣም፣ በኪራይ ውድነትም ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ተበተነ፤ ሥራው፣ እድሩና ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከመካከል ቀሩ። በግንቦት ልደታ ዕለት ከከተማው ዳር ተሳፍሮ ወደ ልደታ ማርያም የሚመጣውን ምእመን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መቶኛ አያስፈልገውም።

ኮዬ ፈጬ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ይወጣታል። ቤቶቹን ያሠራው የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች ወሰናቸውን ሲስማሙ ቦታው ወደ ኦሮሚያ ተካለለ፤ በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ይዞ የሸገር ከተማ ሲመሠረት ኮዬ ፈጬም ከውስጡ ገባች። በዚያ የሚኖር፣ በልደታ የሚሠራ አንድ ሰው እንግዲህ የየትኛው ከተማ ሰው ነው? በመሰላሉ ሥርዓት ጥያቄው መልስ የለውም። በግንኙነት ሥርዓት ግን መልሱ ቀላል ነው፤ ግዛቱ ሸገር፣ ሜትሮፖሊታን አካባቢው አንድ ነው።

የቀን ተቀን ጉዞን በመቶኛ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በመምህሩ እጅ ስለሌለ፣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም የሕዝብ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ እንዲህ ያለውን ትምህርት በማስረጃ መስጠት አይቻልም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መከራከሪያው ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በልደታ የሚገኝ አንድ ክፍል ራሱ ማስረጃ ነው። ሃምሳ ተማሪዎች የቤተሰባቸው አባላት በየዕለቱ የት እንደሚውሉ፣ መምህራኑ ከየት እንደሚመጡ፣ ወተቱና አትክልቱ ከየት እንደሚገባ፣ ከሠፈር የወጡ ዘመዶች በወር ስንት ጊዜ እንደሚመለሱ ጠይቀው በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ መሥመር ቢያሠምሩ፣ የሚወጣው ሥዕል ከየትኛውም ክብ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ሥዕሉ ከተሣለ በኋላ የአስተዳደሩ ወሰን በቀይ ቀለም ይጨመርበት። ስንት መሥመር ቀዩን እንደሚያቋርጥ መቁጠር የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። የበርጀስ ክብና የጀፈርሰን ሕግ ከዚህ በኋላ ቢመጡ ከዚህ ሥዕል ጋር እየተነጻጸሩ ይመዘናሉ። የሕዝብ ቁጥሩ መሰላልም ከምዕራፉ ራስ ወርዶ ከመጨረሻው ሠንጠረዥ ጋር ቢቀመጥ የሚጎድል ነገር አይኖርም።